ባለ 10 ኮሩ አሮጌ ዚዮንና ባለ 4 ኮሩ ላፕቶፕ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለዘጠኝ ወር ጎን ለጎን

ሥራዬ የሰርግ፣ የምርቃትና የክርስትና ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ነሐሴ 2017 ላይ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ደብረ ብርሃን አስመጣሁ። ፕሮሰሰሩ ለሰርቨር የተሠራ ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ2 ነው፤ 10 ኮር (ሥራውን ተካፍለው የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች)፣ 20 ትሬድ (እነሱ በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው የሥራ መስመሮች)። ከዚያ በፊት ሁሉንም ነገር የምሠራው ኮር አይ5-1135ጂ7 በተገጠመለት ላፕቶፕ ነበር፤ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ። ስሌቴ አጭር ነበር፦ አሥር ከአራት ይበልጣል፣ ስለዚህ የአንድ ሰርግ ሥራ ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ዘጠኝ ወር ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከሠራሁ በኋላ ስሌቱ ስህተት እንደነበረ አውቄያለሁ። ሌሎች ባልደረቦቼም በዚያው ስሌት ገንዘባቸውን ሊከፍሉ ሲሰናዱ ስለማይ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደሚረክስ። ይህ ዚዮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ሲወጣ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ከ1,700 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች ሰርቨሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይሩ አሮጌዎቹ በብዛት ወደ ገበያ ይወጣሉ። ራማቸውም እንዲሁ ነው። የሰርቨር ራም ተራ ኮምፒውተር ላይ ስለማይሠራ ፈላጊው ጥቂት ነው። እኔ 64 ጊጋባይት ያገኘሁት ለላፕቶፑ 16 ጊጋባይት በሚጠየቅበት ዋጋ ነው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አልክድም።

ዕቃው እንደደረሰ የመጀመሪያውን ሬንደር፣ ማለትም የተቀናበረውን ቪዲዮ ማውጣት፣ ስሞክር ሙቀቱ 88 ዲግሪ ገባ፣ ማራገቢያውም እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። አጥፍቼ ከፈትኩት። ማቀዝቀዣውን ሳነሳው በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ በበጋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። በአልኮልና በጥጥ ሙልጭ አድርጌ ጠርጌ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አድርጌ መልሼ ገጠምኩት። በዚያው ሥራ ላይ ሙቀቱ 66 ዲግሪ ሆነ። ያገለገለ የሰርቨር ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ይህን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ሳያሳልፍ ይሥራ። በተለይ እኛ ዘንድ፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንኑ ያህል ስለሚቀንስ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። አምራቾችም ከፍታ ሲጨምር የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት ዝቅ ያደርጋሉ። ያዳነኝ የከተማችን ብርድ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ መስታወት ላይ ሲጋገር ዚዮኑ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ከ60 ዲግሪ አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ያለ ልዩ እገዛ፣ በፕሮሰሰሩ ጉልበት ብቻ ሁለቱም ላይ አወጣሁ። ዚዮኑ በ50 ደቂቃ ጨረሰ፣ ላፕቶፑ በ68። አሥር ኮር ከአራት ኮር ጋር ተወዳድሮ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ምክንያቱ የኮሩ ዕድሜ ነው። የላፕቶፑ ኮር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2020 ሥሪት ነው፤ በአንድ የፕሮሰሰር ምት የሚጨርሰው ሥራ ከአሮጌው ይበልጣል፣ ፍጥነቱም እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ዚዮኑ በአንድ ኮር ሲሠራ 3.6 ይደርሳል፣ አሥሩም ሲጠመዱ ግን ከ3 ብዙም አይርቅም።

ከዚያም ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን የቪዲዮ ማመቂያ፣ ኩዊክ ሲንክ የሚባለውን፣ ከፍቼ ያንኑ ቪዲዮ ደገምኩት። 15 ደቂቃ። ዚዮኑ ይህ የለውም፤ ለሰርቨር ስለተሠራ ውስጡ ምንም የግራፊክስ ክፍል የለም፣ ምስል ለማየት እንኳ ለብቻው ካርድ ያስፈልገዋል። ከእኔ ጋር የመጣው ካርድ ደግሞ ስክሪኑን ከማብራት ያለፈ አቅም የለውም።

ጉዳዩ ይበልጥ የገባኝ ጥር ላይ ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። አዲሱ ካሜራዬ የሚቀርጸው ኤችኢቪሲ በሚባለው፣ ለመፍታት ከባድ በሆነ የቪዲዮ ዓይነት፣ ባለ 10 ቢት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የአንድ ሰርግ ጭፈራ ዚዮኑ ላይ ከፍቼ ማጫወቻውን ስጫን፣ እስክስታው በየሦስተኛው ምት ይቆማል። ትከሻ ወደ ላይ ይነሳና እዚያው ይቀራል፤ ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ከኋላ ይጎተታል። ጭፈራን በከበሮ ምት ላይ ለመቁረጥ ዓይንና ጆሮ አንድ ላይ መሄድ አለባቸው፤ እንዲህ ሆኖ አይሠራም። ዲስኩን አውጥቼ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። እንደ ውሃ ፈሰሰ። የ11ኛው ትውልድ ኢንቴል ይህን የቪዲዮ ዓይነት የሚፈታ ክፍል ውስጡ አለው፤ አራቱ ኮሮች ገና አልተነኩም ነበር። በርግጥ ዚዮኑ ላይ ቪዲዮውን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ቀላል ቅጂ ቀይሮ መሥራት ይቻላል፤ የስድስት ሰዓት ቀረጻ ለመቀየር ግን ሌሊቱ ይሄዳል። ሙሽሮቹ ደግሞ ለመልሱ ቀን አጭር ቪዲዮ ይፈልጋሉ። መሐል ሜዳ በተጠራሁበት ሰርግ ያንን አጭር ቪዲዮ እዚያው፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ በላፕቶፑ ባትሪ ሠርቻለሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰርግ የሚቆረጠው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ዚዮኑን ልሸጠው አስቤ ነበር፤ ያስቀረችኝ አንዲት እናት ናት።

የካቲት ላይ እትዬ የምላቸው የሠፈራችን ሴት በነጠላቸው የጠቀለሉትን የቪኤችኤስ ካሴት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይህ የ1986ቱ ሰርጌ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አላየሁትም፤ ማጫወቻው ጠፋ» አሉኝ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ምስሉን ማጽዳት ነው፤ የተቆራረጡትን መስመሮች አጋጥሞ መሙላት፣ እንደ አሸዋ የሚረጨውን ብናኝ ከእያንዳንዱ ፍሬም ማንሳት። እኔ የምጠቀምባቸው ማጣሪያዎች በኩዊክ ሲንክ አይሠሩም፤ ሙሉ በሙሉ የፕሮሰሰር ሥራ ናቸው፣ ያገኙትን ኮር ሁሉ ይወስዳሉ። ላፕቶፑ ላይ ጀምሬ ሳየው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞቆ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የሁለት ሰዓቱ ካሴት 19 ሰዓት እንደሚቀረው አሳየኝ። ዚዮኑ በ11 ሰዓት ጨረሰው፤ ሃያዎቹም ትሬዶች ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ጫፍ ላይ ነበሩ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልዘገየም። ለዚህ ነበር የተሠራው፤ ያለ ዕረፍት ቀንና ሌሊት ለመሥራት። ራሙም አንድ ቢት ቢሳሳት ራሱ የሚያርም ነው። ጠዋት እትዬን ጠርቼ ሳሳያቸው የባላቸውን ፊት በጣታቸው ስክሪኑ ላይ ዳሰሱት። ወሬው ተሰማና አሁን ካሴት የሚያመጣልኝ ሰው ከደብረ ሲናም ከአንኮበርም አለ።

የመብራቱ ነገር ሌላ ነው። በሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ስመዝን ዚዮኑ ሥራ ፈትቶ 90 ዋት፣ ሲሠራ 200 ዋት ይስባል። ፕሮሰሰሩ ብቻውን 115 ዋት ተብሎ የተመደበ ነው። ላፕቶፑ ሙሉ ሥራ ላይ 45 ዋት ነው። በቀን አሥር ሰዓት ቢሠሩ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ለአንዱ፣ ከ14 የማያልፍ ለሌላው። ከሒሳቡ ይልቅ የጎዳኝ ግን መቋረጡ ነው። መብራት ሲሄድ የምትተካው ባትሪ፣ ትንሿ ዩፒኤስ፣ ዚዮኑን ከስድስት ደቂቃ በላይ አትይዘውም። ዘጠነኛው ሰዓት ላይ የነበረ ካሴት መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀምሬዋለሁ፤ ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። አሁን እያንዳንዱን ካሴት በ15 ደቂቃ እየከፋፈልኩ አሠራዋለሁ፤ ቢቋረጥ የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ነው።

ላፕቶፑንም ያለ ነቀፋ አልተውም። ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሰርግ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር፤ ከእኛ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቆላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 15 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ እዚያ ጥላ ሥር 24 ደቂቃ ፈጀ። ቀጭን አካል ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ሙቀቱን ማውጣት ሲያቅተው ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ የቁልፍ ሰሌዳው ጣት ያቃጥል ነበር። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነም አላሳድገውም።

ለገዢ የምለው ግን ይህ ነው። ቪ2 ዚዮን ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ አያውቅም፤ ሰርቨር ላይ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ከተከታዩ ትውልድ፣ ከቪ3 ጋር ነው። ከአዳዲስ የቪዲዮ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ያለ እሱ አይነሱም። እኔ ዚዮኑ ላይ አሮጌ ስሪት ስለምጠቀም ላፕቶፑ ላይ የጀመርኩትን ፕሮጀክት መክፈት አልችልም፤ ቁርጡን ሳላውቅ የገባሁበት ነገር ነው። ዊንዶውስ 11ም በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱን ነቅዬ ነው የማሠራው። የግድ የሰርቨር ፕሮሰሰር የሚፈልግ ሰው ቪ3 ወይም ቪ4 ያለበትን ይጠይቅ። ቪ2ውን ገዝቶ በኋላ እቀይራለሁ እንዳይል፤ ሶኬቱም ራሙም አይገጥምም። ሥራው የዛሬ ካሜራ ቀረጻ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ላፕቶፑን ይግዛ፣ የተረፈውን ለኤስኤስዲ ያውለው።

ይህን ስጽፍ ዚዮኑ ከኋላዬ እየሠራ ነው። መደርደሪያው ላይ ገና ያልተነኩ 31 ካሴቶች አሉ፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ መብራቱም ሳይከፋ ልጨርሳቸው እየተጣደፍኩ ነው።