የብርሃን ወረንጦ በጠረጴዛዬ ላይ፦ ከአራት ወር ሥራ በኋላ

ብርሃን ዕቃ ይገፋል ስላቸው ተማሪዎቼ በአክብሮት ዝም ይሉኝ ነበር እንጂ አላመኑኝም። ጥቃቅን ነገሮችን በብርሃን የሚይዘውን ይህን የማስተማሪያ መሣሪያ፣ የብርሃን ወረንጦውን፣ የገዛሁት ለዚያ ነው፤ ባለ 40 ሚሊዋት ቀይ ሌዘር፣ መቶ እጥፍ የሚያጎላ ሌንስና ካሜራ አለው። ዓይን የሚደቀንበት ቀዳዳ የለውም፤ ይህን ያህል ሌዘር ዓይን ስለሚያጠፋ ሠሪዎቹ ደግ አድርገዋል።

2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ) የሚያህሉ ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ እንክብሎች ውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። ጨረሩ የሚሰበሰብበት ነጥብ አጠገቧ ሲደርስ አንዷ ጥልቅ ትልና ትረጋጋለች። ውሃው ያረፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ሳንቀሳቅስ ሌሎቹ ሁሉ እየጎረፉ ያልፋሉ፣ እሷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም። የፊዚክስ ሊቁ አርተር አሽኪን ቅንጣትን በአንድ ጨረር ብቻ አጥምዶ ያሳየው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ2018፣ በ96 ዓመቱ። እንክብሏን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ይህን ያህል መዘግየቱ ያናድደኛል።

ልቤን የወሰደው ግን ማሽከርከሩ ነው። ካልሳይት የተባለ ማዕድን ጥቃቅን ስብርባሪ ጨምሬ፣ የብርሃኑን ሞገድ ጠምዝዛ የምታሳልፈውን ስስ ክሪስታል ጨረሩ መንገድ ላይ አስገባሁ። ስብርባሪዋ እንደ እንዝርት መሾር ጀመረች። ክሪስታሏን 90 ዲግሪ ሳዞራት ስብርባሪዋ ቆም አለችና ወደ ኋላ ዞረች። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሙቀትን የዚህ ሥራ ጠላት አድርጌ ነበር የማየው። አብሮ የመጣው በስሱ ወርቅ የተቀባ ስላይድ አስተያየቴን ለወጠው። ወርቁ ብርሃኑን ጠጥቶ በአንዲት ነጥብ ላይ ይግላል። ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ይሸሻሉ፤ ሲቲኤሲ የተባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ውሃው ላይ ሲጨመር ግን ወደ ሙቁ ነጥብ ይሳባሉ። ለዚህ ከሌዘሩ ኃይል ጥቂቱ ይበቃል። እኔ ቸኩዬ ኃይሉን ስጨምር አረፋ ተነሥቶ የሰበሰብኩትን ሁሉ በተነው።

ቅሬታም አለኝ። የካሜራው ማጣሪያ ልል ሆኖ ስለመጣ ለሁለት ቀን ያየሁት የሌዘሩን ነጸብራቅ ብቻ ነበር። በሌንሱና በስላይዱ መካከል ስለሚደረገው ዘይት መመሪያው የሚለው አንድ መስመር ነው፤ ዘይቱ ውስጥ አየር ከገባ ግን ምንም አይያዝም። የወርቁ ስላይድ በቀላሉ ይጫጫራል፣ የተላከውም አንድ ብቻ ነው። የምትገዙ ካላችሁ ሦስት አስጨምሩ።