የልጆቼን ጆሮ ለከፈቱልን የፒያኖ መምህር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። በፊት ያስተምረው የነበረው ሰው በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን ዘፈን «ይሄ ሙዚቃ አይደለም» ብሎት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፒያኖው አጠገብ መቀመጥም አስጠልቶት ነበር።

አሁን የሚያስተምሩት መምህርት የመጀመሪያ ቀን የጠየቁት እኔን ነው። «ቤታችሁ ምን ይደመጣል?» አሉኝ። ባለቤቴ መኪና ውስጥ የወጣትነቱን ዘፈኖች እንደሚከፍት፣ እኔም ሥራ ስሠራ እንደማንጎራጉር ነገርኳቸው። «ልጁ ግን የአባቱን ዘፈን አይወድም» አልኩ። ፈገግ ብለው «ጓደኞቹ ፊት አይወድም በይ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብቻውን ሲሆን ያንኑ ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ።

በኋላ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ክረምሃንስል ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡትን ጥናት አነበብኩ። 20 ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣቶች የራሳቸውን ዘመን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸው ወጣት ሳሉ የወጡትንም ይወዳሉ፣ ትዝታም አላቸው። የመኪናው ዘፈን ለካ ሥራውን እየሠራ ነው!

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሁለተኛውን ቀን ነው። አንዱን ማዳመጫ ከልጁ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ሰኩና ዘፈኑን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በግራ እጃቸው ቤዙን፣ ማለትም ከታች የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ፣ ብቻ ተጫወቱለት፦ ደረጃ በደረጃ የሚወርዱ አራት ኖታዎች። ቀጥለው ልጁ የጠላውን የመልመጃ መጽሐፍ ገለጡ፣ የቀኝ እጁን መስመር በወረቀት ሸፈኑና «ግራህን ብቻ» አሉት። ተጫወተ። ያው አወራረድ ነው። እጁን ከቁልፎቹ ላይ ሳያነሳ ዞሮ አየኝ። ይህን አወራረድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲዎች ለልቅሶ ዜማ ይጠቀሙበት እንደነበር የነገሩት ከዚህ በኋላ ነው። ያን ቀን ማታ ሳንጠይቀው ቁጭ ብሎ ተለማመደ።

ለ5 ዓመቷ ልጄ ደግሞ የጃፓናዊውን የሺኒቺ ሱዙኪን መንገድ ይከተላሉ፤ ልጅ አፍ መፍቻ ቋንቋውን እንደሚለምደው ሙዚቃንም በመስማት ይልመድ የሚለውን። ስለዚህ የምትማራቸውን ቁራጮች ቀረጻ በየቀኑ ቤት እናሰማታለን፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ከእሷ ቀድሜ የተማርኩት እኔ ነኝ። ጊዜ ይወስዳል፤ ወላጅ ልጁን አድርሶ የሚሄድበት ትምህርት አይደለም።

ልጁን ቶሎ ለፈተና ማድረስ የሚፈልግ ሰው በእሳቸው አካሄድ ላይደሰት ይችላል። ልጁ የሚወደውን ሳይጥል ሌላም እንዲወድ የሚፈልግ ግን ሳያመነታ ይሂድ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ ልጄ ለአባቱ «ድምፁን ጨምረው፣ ቤዙን ስማው» ሲለው ነበር።