የጅማ ወላጆች፣ «ለሕፃናት የተሠራ ሌጎ» የሚባለውን ባልዲ ሳትፈትሹ አትግዙ

ጅማ ውስጥ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡት፤ ለምታውቁት ወላጅም አድርሱት። ሰሞኑን በከተማችን ሱቆችና በቴሌግራም ቻናሎች አንድ የመገጣጠሚያ መጫወቻ በብዛት እየተሸጠ ነው። ክዳኑ ቢጫ በሆነ ባለ እጀታ ባልዲ ይመጣል። ውስጡ ብሎኮች፣ ትንንሽ ሰዎች፣ ጎማ ያለው ጋሪና ሲጫኑት የሚበራ አንድ ብሎክ አለው። ሻጮቹ «ከ1 ዓመት ጀምሮ» እያሉ ነው የሚሸጡት። ውሸት ነው። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጭራሽ መሰጠት የሌለበት ዕቃ ነው።

እኔ የገዛሁት እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዕቃው እሱ ጋ ብቻ ስላልሆነ ያንን ሱቅ ብትሸሹ ሌላው ጋ ታገኙታላችሁ። 4,200 ብር ከፈልኩ። ቻናላቸው ላይ የለጠፉት ፎቶ ሌጎ ኩባንያ ለትንንሽ ልጆች የሚያመርተው፣ ዱፕሎ የሚባለው የመገጣጠሚያ መጫወቻ ፎቶ ነው። ሻጩን ልጅ «ይሄ ራሱ ነው ወይ?» ስለው «ወላሂ ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ ለወንድሜም ልጅ የወሰድኩት ይሄንኑ ነው» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ ያው የለመድነው መልስ መጣ፤ ደረሰኝ ከተቆረጠ 15 ፐርሰንት ይጨመራል። ደረሰኝ መስጠት ግዴታው እንጂ ለእኔ የሚሸጥልኝ ተጨማሪ አገልግሎት አይደለም። ተከራክሬ አስቆረጥኩ።

ቤት ገብቼ የዋጋውን ስቲከር ስልጠው ከሥሩ ቀይ ክብ ምልክት ወጣ። ክቡ ውስጥ የሕፃን ፊት አለ፣ 0-3 ተጽፎበታል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ይህ ምልክት በብዙ አገር የታወቀ ነው። ዕቃው ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥ ማለት ነው። ባልዲው ሰፊ ነው፤ ስቲከር የሚለጠፍበት ቦታ ሞልቷል። የተለጠፈው ግን ልክ ምልክቱ ላይ ነው። ላስመልስ ስሄድ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ባልዲዎች አየኋቸው። ሁሉም ላይ ስቲከሩ እዚያችው ቦታ ነው። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። አምራቹ እንኳ አደጋውን ጽፎ ልኮታል፤ እዚህ ያለ ሰው ነው የሸፈነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። መጀመሪያ ያወጣሁት ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ነው። ጭንቅላቱን በሁለት ጣቴ ይዤ ጠምዘዝ ሳደርገው ወጣ። ምንም ጉልበት አልጠየቀኝም። ባርኔጣውም ለብቻው ይወልቃል። ጭንቅላቱን በማስመሪያ ለካሁት፤ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ነው። ክብ፣ ልሙጥ፣ ቀለሙም ከረሜላ የሚመስል። ልጄ ገና 2 ዓመት አልሞላውም። ወለል ላይ የወደቀ የበቆሎ ፍሬ ሳይቀር አንስቶ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ነው። የጋሪው ጎማም ሳብ ሲያደርጉት ይነቀላል፤ ጎማው የተሰካበት ቀጭን ሽቦ ሹል ጫፉን አውጥቶ ይቀራል።

የዚህ ዕድሜ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ከትቶ ነው የሚመረምረው። የመንጋጋ ጥርሱ ገና አልተሟላም። የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ የገባበትን ነገር አስሎ ለማውጣትም አቅም ያንሰዋል። ክብ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ቧንቧውን ግጥም አድርጎ ስለሚዘጋ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አይተውም።

ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች መጫወቻ የሚነድፍ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከልኩ ነው። አሜሪካም አውሮፓም ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ በአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ይፈተናል። የአፏ ስፋት 31.7 ሚሊሜትር ነው። ወለሏ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ጥልቀቷ በአንዱ በኩል 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊሜትር ይሆናል። መጫወቻው ወይም ከእሱ የተነቀለ ቁራጭ ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ ከገባባት ወደቀ ማለት ነው። ደግሞ እንደ አዲስ ወጥቶ አይደለም የሚለካው። አስቀድሞ ይንገላታል። በአውሮፓው ደረጃ ከ85 ሴንቲሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ 5 ጊዜ ይጣላል። ልጅ በጣቱ ወይም በጥርሱ ሊይዘው የሚችል ክፍል ካለ ይጠመዘዛል፤ ሰፋ ያለ ከሆነም በ90 ኒውተን ይሳባል። 9 ኪሎ ግድም ሲንጠለጠልበት እንደ ማለት ነው። ባልዲው ውስጥ ያለው ሰውዬ ይህን ፈተና አንድ ደቂቃ አይቆምለትም።

አሻንጉሊቶቹ ላይ ትኩረት የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊሸር ፕራይስ የሚባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ «ሊትል ፒፕል» የሚባሉ ትንንሽ ሰዎችን ይሠራ ነበር። እጅና እግር የላቸውም፤ ክብ ጭንቅላት፣ ከሥሩ ቀጠን ያለ አካል ነበራቸው። ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ሊሰነቀሩ ይችላሉ የሚል ስጋትና ወቀሳ በዛ። በ1991 ወፍረውና ገዝፈው እንደገና ተነደፉ። ዛሬ ክብ ጫፍ ላላቸው እንዲህ ዓይነት አሻንጉሊቶች ሲሊንደሯ ብቻ በቂ አይደለችም፤ 43 ሚሊሜትር ግድም ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለው ሌላ መፈተሻ አለ። የእኔው ሰውዬ ጭንቅላት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ብሎኮቹም እንደዚያው። ሌጎ ዱፕሎን ያወጣው በ1969 ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የተለመደውን ብሎክ በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት እጥፍ ማድረግ። ሦስቱም እጥፍ ሲሆኑ ብሎኩ የሚይዘው ቦታ 8 እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ዓመት ተኩል ልጅ እጅ የሚመች፣ አፉ ግን የማይችለው ልክ ተገኘ። የዱፕሎ ሰዎች እጅና እግራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ አይነቀልም፤ ጭንቅላታቸው ይዞራል እንጂ አይወልቅም። ኩባንያው በ1978 ያወጣቸው ትንንሾቹ ሰዎች ግን ጭንቅላታቸውም ፀጉራቸውም ይወልቃል፤ እነሱ የተሠሩት ከፍ ላሉ ልጆች ነው። ይህ ባልዲ ሁለቱን ደባልቋል። መልኩን ከዱፕሎ ወሰደ፣ የሚፈታታውን አሠራር ከትልልቆቹ ወሰደ። ገዢ የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ላይ መጠን አይታይም። አንድ ብሎክ ብቻውን ነጭ ወረቀት ላይ ሲያነሱት ትንሹም ትልቅ ይመስላል። ቻናል ላይ ስትገዙ ዕቃውን ከሰው እጅ ወይም ከማስመሪያ ጋር አንሥተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። እንቢ ካሉ ተዉት።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ጥብቀቱ። ጥሩ ብሎክ ሲገጥም ይይዛል፣ ሲሳብ ደግሞ የ2 ዓመት ልጅ በራሱ እጅ ይለቅለታል። ይህን ለማግኘት ሻጋታው ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልዩነት መሠራት አለበት። ባልዲው ውስጥ ያሉት ግን ገሚሶቹ ላልተው ይፈርሳሉ፤ ገሚሶቹ ተነክሰው እኔም በግድ ነው የማላቅቃቸው። ልጅ በእጁ አልላቀቅ ሲለው ምን ያደርጋል? በጥርሱ ይይዘዋል። እናም የጠበቀ ብሎክ ራሱ ልጁን ወደ አፉ እንዲያስጠጋው ይገፋፋዋል። ጠርዞቹ ላይ ፕላስቲኩ ተርፎ የቀረ ስለት አለ፤ ጣቴን ስዳብሰው ቧጠጠኝ። ቀለሙም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሳሸው ጨርቁ ላይ ቀረ።

የሚበራው ብሎክ ግን ከሁሉም ይከፋል። በውስጡ የእጅ ሰዓት ዓይነት ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ አለ። ክዳኑ ቡሎን የለውም፤ በጥፍር ይከፈታል። ይህን ባትሪ የዋጠ ልጅ ላይ ምን እንደሚደርስ ካላወቃችሁ እወቁት። ባትሪው የምግብ ቧንቧ ላይ ሲቀር ከእርጥበቱ ጋር ተገናኝቶ ሥጋውን ያቃጥላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ትንሽ ምራቅ ማዝረክረክ፣ ምግብ እንቢ ማለት ብቻ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «እስኪ በሰገራ ይውጣ» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ለማስታወክም አትሞክሩ። ባጃጅም ሆነ ያገኛችሁትን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂዱ። ማግኔት ያላቸው መገጣጠሚያዎችም አሉ፤ ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ግድግዳውን ሊበሱት ይችላሉ። እሱም ያው፣ ወደ ሐኪም ነው።

ልጅ ታንቆ ድምፅ ማውጣትና ማሳል ካቃተው ደግሞ ጣታችሁን ከታችሁ በጭፍን አትፈልጉ፤ ዕቃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ደረቱን በእጃችሁ ደግፋችሁ ወደ ፊት አዘንብሉትና በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ጀርባውን በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ካልወጣ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። ከዓመት በታች ከሆነ ሆዱን ሳይሆን የደረቱን መሐል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፤ ሌላ ሰው መኪና ይፈልግ።

ሱቁ ምን አለኝ? ግድግዳው ላይ ያለችውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለውን ወረቀት አሳየኝ። ስቲከሩን ስጠቁመው «እህቴ፣ ልጅሽን ጠብቂው እንጂ ዕቃው ምን አደረገ?» አለ። ለልጅ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ማለቱ ያሳዝነኛል። ልጅን መጠበቅ የወላጅ ሥራ ነው፤ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አለመሸፈን ደግሞ የነጋዴ ሥራ ነው። በመጨረሻ በሌላ ዕቃ ልቀይርልሽ አለ እንጂ ብሬን እንቢ አለኝ።

ያቺ ወረቀት ከሕግ በላይ አይደለችም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል። እሱን ከከለከሏችሁም የቴሌብር መልእክቱንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ። እኔ ደረሰኙን፣ የባልዲውን ፎቶና የተነቀለውን ጭንቅላት ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። ብቻዬን ከምሆን ብዙ ብንሆን ይሻላል፤ ይህን ባልዲ የገዛችሁ እናንተም አመልክቱ።

ሌላ ለመግዛት የምታስቡ፣ ሳትከፍሉ በፊት ሳጥኑ ይከፈትላችሁ። የሚከፍት ነጋዴ አለ፤ የማይከፍተውን እለፉት። ስቲከር ካለ ላጡት። የአሻንጉሊቱን ጭንቅላት፣ እጅና ጎማ ያዙና ጠምዝዛችሁ ሳቡ። ትንሹን ቁራጭ የሶፍት መሐል ካርቶን ውስጥ ክተቱት። የእኛ አገር ካርቶን አንዳንዱ ጠባብ ስለሆነ አስቀድማችሁ በማስመሪያ ለኩት፤ አፉ 4 ሴንቲሜትር ግድም ከሆነ ጥሩ ነው። የገባ ነገር ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ሽታውንም ችላ አትበሉ። ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፕላስቲክ ልጅ አፍ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ዱፕሎ ውድ ነው፣ ጅማ ውስጥ እውነተኛውን ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ ይገባኛል። ግን እኮ የምንኖረው ባለ ሦስት እግር በርጩማው በተመሰገነ ከተማ ነው። እንጨት ሠሪዎቻችን ጋ የዋንዛ ቁርጥራጭ ሞልቷል። እኔ አሁን ያሠራሁት ይሄንኑ ነው፤ በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ፣ እጥፍ ርዝመት ያለውም ጥቂት። ጠርዙና ማዕዘኑ ክብ እስኪል በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ በሉት። ስንጥቅና ጉጥ ያለበትን አትቀበሉ። ሠሪው ቫርኒሽ ልቀባው ማለቱ አይቀርም፤ አታስቀቡት፣ ባዶውን ይበቃል። አይገጣጠምም፣ ይደረደራል እንጂ። ለዚህ ዕድሜ ልጅ መደርደርና ማፍረስ ዋናው ጨዋታ ነው። ዋጋውም ከባልዲው በጣም ያንሳል።

ባልዲው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ከልጁ እጅ አርቁት። «የእኔ ልጅ አድጓል» ብላችሁ ለጎረቤት አትስጡት፤ እዚያ ቤት ታናሽ ሊኖር ይችላል። ባልዲውንና ደረሰኙን አቤቱታችሁ እስኪያልቅ አቆዩ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ከሚበራው ብሎክ ባትሪውን አውጡ። ስትጥሉትም በፕላስተር ጠቅልላችሁ ጣሉት፤ ቆሻሻ ገንዳ አካባቢ የሚጫወቱ ልጆች አሉ።