የቤብ ሩት ካርድ በ900 ዶላር? አደራ፣ ቆም በሉ

ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ የተጫዋች ምስል ያለበትን የቤዝቦል ካርድ የሚሰበስብ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ኪሳችሁን እንዳትነኩ። እኔ 900 ዶላር ተበልቻለሁ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ እየሳቅሁ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ለእኔ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ለእሱ ግን ነፍሱ ነው። ባለፈው ዓመት ባልቲሞር ወስጄ ቤብ ሩት የተወለደበትን ቤት አሳየሁት። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሰውየው በ1895 ተወልዶ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) 714 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ ጫማ የሰቀለ፣ በ1948 የሞተ ጀግና ነው። አባቶቻችን ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወሩ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታውቃላችሁ? አሜሪካኖቹም የሩት ስም ሲነሳ እንደዚያ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ «አባዬ፣ አንድ የሩት ካርድ» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ።

ልደቱ ሲቃረብ እሁድ እሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መዞር ጀመርኩ። እዚያ ነው ሽማግሌውን ያገኘሁት። ካርዶቹን በዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «የአያቴ ናቸው። ቤቱን ስናጸዳ ጣሪያ ሥር አገኘናቸው» አለኝ። ሩትን አወጣና ሰጠኝ።

ስለ ካርዱ ትንሽ ልንገራችሁ። ጋውዲ የሚባል የቦስተን ማስቲካ አምራች በ1933 በማስቲካው ውስጥ የተጫዋቾች ካርድ እየጨመረ ይሸጥ ነበር። አንድ ካርድ ከነማስቲካው 1 ሳንቲም። ከነዚያ ካርዶች አራቱ የሩት ናቸው፦ ቁጥር 53፣ 144፣ 149 እና 181። ሽማግሌው የሰጠኝ 53 ነው፤ መደቡ ቢጫ የሆነው። ከዚሁ ቁጥር በጣም ንጹሕ የሆነ አንድ ካርድ በ2021 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ጠርዙ ያለቀ፣ የተጨማደደ እንኳ ብዙ ሺህ ያወጣል።

ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ አንብቤ ነው የሄድኩት። ሽማግሌው 1,400 ብሎ ጀመረ። «ለልጅህ ከሆነ» ብሎ 900 አደረገልኝ። እኔ ምን አሰብኩ? «ይሄ ሰውዬ የያዘውን አያውቅም።» እውነቱን ልናገር፣ እኔ ነኝ እሱን ልሸውድ የሄድኩት። ወጥመዱም ይኸው ነው። ሻጩ ብልጥ መስሎ ቢመጣ እጠነቀቅ ነበር። ሞኝ መስሎ ቀረበኝ፤ እኔም ቶሎ ብዬ ገንዘቡን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክበት) ላክሁለት። መኪና ውስጥ ስገባ ገንዘቡን በልቤ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ!

በማግስቱ አንድ ካርድ ቤት ወሰድኩት። ባለሱቁ ገና ከፕላስቲኩ ሲያወጣው ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አሸተተና መልሶ ሰጠኝ። «አንተስ ምን ይሸትሃል?» ቡና። የሃበሻ አፍንጫ ቡናን እንዴት ይስታል? እኔ እኮ ቀድሞም ሸቶኝ ነበር፤ የቤታችን ሽታ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ወረቀቱ አሮጌ እንዲመስል ቡና ነክተው አድርቀውታል።

ከዚያ መብራቱን አጠፋና ብላክ ላይት የሚባለውን ሐምራዊ ባትሪ አበራበት። ቡናው በሳሳበት ቦታ ካርዱ እንደታጠበ ነጠላ ቦግ አለ። ወረቀት ነጭ እንዲሆን የሚጨምሩት ኬሚካል አለ፤ በብርሃኑ የሚያበራው እሱ ነው። በ1933 ወረቀት ውስጥ ደግሞ አልነበረም። ባለሱቁ የራሱን የጋውዲ ካርድ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ተጫዋች፣ አጠገቡ አደረገ። ያኛው ድፍን ብሎ ቀረ። (አላበራም ማለት ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም። የድሮ ወረቀት ፈልገው የሚያትሙም አሉ።)

ገለበጠው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ አረንጓዴ ነው። ከሥር በኩል ጥፍር የምታህል ቦታ ተፍቃለች። እኔ እርጅና ብዬ አልፌያት ነበር። «ሪፕሪንት የሚል ቃል እዚህ ነበር» አለኝ። ለካ የሩት ካርድ ለመታሰቢያ ተብሎ በየጊዜው እንደገና ታትሟል፤ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ሕጋዊም ነው። ወንጀሉ ቃሏን ፍቆ፣ ጥጉን አሻሽቶ፣ ቡና አጠጥቶ መሸጡ ላይ ነው። በማጉያ መነጽር ደግሞ ፊደሎቹን አሳየኝ። ድፍን መሆን ሲገባቸው ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠሩ ናቸው።

«ታዲያ በፕላስቲክ የታሸገውን ብገዛስ?» የምትሉ አላችሁ። ፒኤስኤን የመሳሰሉ ድርጅቶች ካርዱን መርምረው፣ ከ1 እስከ 10 ግሬድ ሰጥተው፣ ቁጥር ለጥፈው ያሽጉታል። ቢያንስ በእሱ ጀምሩ። ግን መያዣውም ፎርጅድ ይሠራለታል፤ የእውነተኛ ካርድ ቁጥር ገልብጠው ይለጥፉበታል። ስለዚህ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ስታስገቡ «አለ» በሚለው ብቻ አትርኩ። ፎቶ ካለው የጥጉን ስብራትና የነጩን ጠርዝ ስፋት ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ። ማሸጊያው እውነተኛ ሆኖም ጉድ አለ። ፒኤስኤ በ1991 መጀመሪያ ግሬድ የሰጠው፣ ሆነስ ዋግነር የተባለ የድሮ ተጫዋች ካርድ ከ10 ስምንት አግኝቶ ነበር። በኋላ ቢል ማስትሮ የተባለ የጨረታ ነጋዴ ካርዱ ንጹሕ እንዲመስል አስቀድሞ ጠርዙን መቁረጡን በ2013 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ።

ሩት የፈረመበት ኳስ ነው የሚሏችሁማ ከሆነ ባሰ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤፍቢአይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፊርማ አስመሳዮችን ሲይዝ ማዘር ቴሬዛ የፈረሙበት የቤዝቦል ኳስ ሁሉ ተገኝቷል!

ገንዘቡስ? ባንኬ ደወልኩ። «ራስህ ፈቅደህ የላክኸው ነው» ብለው በትህትና ሸኙኝ። ፔይፓል ላይ ለዕቃ ግዢ የሚለውን መርጬ ብከፍል ኖሮ ቢያንስ አቤት የምልበት ነበረኝ። ሻጩ «ለጓደኛ በሚለው ላክልኝ፣ ኮሚሽን እንዳይቆርጥ» ካላችሁ ዕቃውን መልሱለት። የሽማግሌው ስልክ አይሠራም። በሚቀጥለው እሁድ ብሄድ በቦታው ላይ ሻማ የምትሸጥ ሴትዮ ተቀምጣለች። እሱን አይታውም አታውቅ።

ልጄ እንደፈራሁት አላዘነም። ካርዱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ለጓደኞቹ ቡናውን እያሸተተ ያስቃቸዋል። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው ሩትን ሲያወጣልኝ ቆርቆሮው ውስጥ ሌላ ቢጫ ካርድ አይቻለሁ። ከሥሩም ሌላ። ሦስቱም 53 ናቸው። ያኔ «አያቱ እንዴት ያለ ዕድለኛ ሰው ነበሩ» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ሁለቱ አሁንም እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ወይም አንዳችሁ ጋ።