«ጄን ዶ» በሸክላ፦ 95 ዶላር ከፍዬ ያመጣሁት ዋይታ

ካርቶኑ የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ከፈትኩት። የኮንቨርጅ «ጄን ዶ» አልበም ነው። በውስን ቁጥር የታተመ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሁለት ሸክላ በአንድ ሽፋን። ከአንድ ሰብሳቢ ላይ 95 ዶላር ከፍዬ ገዛሁት። ተራው ጥቁር እትም ከዚህ በብዙ ይረክሳል።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። ኮንቨርጅ በ1990 ሳሌም፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተመሠረተ ባንድ ነው። እኔ ሊን ነው የምኖረው፤ ሳሌም ጎረቤቴ ናት። ሙዚቃቸው ሜታልኮር ይባላል፤ የሜታል ጊታርና የሃርድኮር ፓንክ ፍጥነት አንድ ላይ የገቡበት። «ጄን ዶ» በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2001 ወጣ። አራተኛ አልበማቸው ነው። ከበሮ መቺው ቤን ኮለር ከነሱ ጋር የሠራው የመጀመሪያ ሙሉ አልበምም ይኸው ነው፤ የሱ እጅ ከመጀመሪያው ሰከንድ ይሰማል።

ያስተዋወቀችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አብረን ሌሊት እንሠራ ነበር። በረዶ ሲጥል በመኪናዋ ቤቴ ታደርሰኛለች። ያኔ ከእጮኛዬ ጋር ከተለያየን ሦስት ወር አልሞላንም፤ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ንጋት ላይ ይህን አልበም ከፈተችው። አንዲት ቃል አልገባኝም። «ምን እያለ ነው?» አልኳት። «ፍቅረኛውን አጥቶ ነው» አለችኝ። እውነትም የዘፋኙ የጄኮብ ባነን ግጥሞች ስለ ፈረሰ ፍቅር ናቸው። ቤቴ በር ላይ ደርሰን ሳልወርድ ብዙ ቆየሁ። እሷም ምንም ሳትለኝ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችኝ።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ደግሞ ሳላስበው የመጨረሻውን ዘፈን ሰማችው። ቡና እያፈላች ነበር። ጆሮዋን ጣል አደረገችና «ምነው ልጄ፣ ሰውየው ሰው ሞቶበት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አልበም ከእማዬ የተሻለ የተናገረ ሰው አልገጠመኝም። ብዙ ሰው ጩኸቱን ቁጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወርድ የሰማች ሴት ናት። ዋይታን ከቁጣ ትለያለች።

አሁን ወደ ሸክላው ልምጣ። የመርፌው ነገር እንዲህ ነው። በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞር ትልቅ ሸክላ ላይ መርፌው ዳር ሳለ በሰከንድ 50 ሳንቲሜትር ያህል መስመር ያልፍበታል። ወደ መሃል ሲጠጋ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ይጨናነቃል ማለት ነው፤ ጸናጽሉ ይሻክራል፣ ጩኸቱ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ላለ ሙዚቃ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። አልበሙ 45 ደቂቃ ያህል ስለሆነ አንድ ሸክላ ላይ ቢጠቀጥቁት ይገባ ነበር። እነሱ ግን ሁለት ሸክላ ላይ፣ አራት ገጽ አድርገው አሰፉት። ገንዘቤ የዋለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የአልበሙን ስም የያዘው መዝጊያው ዘፈን ከ11 ደቂቃ በላይ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ሳይጣበብ ይተነፍሳል። ጊታሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ ባሱ ከሥር አይጠፋም፤ ስልኬ ላይ ግን ሁልጊዜ ይጠፋብኛል። ከበሮና ድምፅ ብቻ ያለባት፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማትሞላ ዘፈን አለች። እሷን ሰዓሊ እጁን በቀለም ነክሮ ግድግዳ ላይ እንደሚመታ ነው የምሰማት።

በየአሥር ደቂቃው ተነስቶ መገልበጡ ያሰለቻል የሚሉ አሉ። እኔን አላሰለቸኝም። በልጅነቴ ቤታችን የነበሩት የአባቴ ሸክላዎች ትንንሾቹ፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙት ነበሩ። መገልበጥ የማዳመጡ አካል ነበር። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ ትንሽ ዝምታ ይኖራል፤ ይህ አልበም ያ ዝምታ ያስፈልገዋል።

ሽፋኑን የሠራው ራሱ ባነን ነው። የአንዲት ሴት ፊት ነው። ጄን ዶ ማለት አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታልም ፖሊስም ስሟ ላልታወቀ ሴት የሚሰጡት ስም ነው። ለሃያ ዓመት የሴትየዋ ማንነት ሳይታወቅ ኖረ። በ2021 ነው ፈረንሳዊቷ ሞዴል ኦድሬ ማርኔ መሆኗ የታወቀው። ስልክ ላይ የጥፍር ያህል የነበረው ፊት እዚህ 30 ሳንቲሜትር ሆኖ ሲያያችሁ ሌላ ነው። አልጋዬ ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ አቁሜዋለሁ።

ቀለሙስ? ያምራል። መስኮት ላይ አንስቼ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ነገር ግን ጥቁሩን የማውቀው ሰው አውሶኝ በአንድ ማጫወቻ፣ በአንድ መርፌ አከታትዬ ሰማኋቸው። ጆሮዬ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ድምፁን ፈልጋችሁ ከሆነ ጥቁሩን ግዙ፣ የተረፈውን ለጥሩ መርፌ አውሉት። ቁጥሩ ውስን ነው ተብሎ ከዚህ በላይ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ እኔ አልከፍልም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሻጩ ሸክላዎቹን ከነሽፋኑ እንዳሉ ነው የላከው። መንገድ ላይ ሲናጡ ጠርዛቸው የሽፋኑን የላይኛውን ስፌት ሰንጥቆታል፤ ወደ አራት ጣት ያህል። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ከመላኩ በፊት ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ከኋላው ቢያደርገው ይህ አይደርስም ነበር። እናንተ ስትገዙ ይህን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ አብዛኛው ሻጭ እሺ ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው ጠቅ ጠቅታ ግን በተጣራ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ሳጥበው ጠፋ።

ያቺ ባልደረባዬ አሁን ዉስተር ሄዳለች። ማጫወቻ እንደገዛች ሰሞኑን ነገረችኝ። ጥቁሩን እትም እየፈለግኩላት ነው። ከ40 ዶላር በታች ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።