ልጃችንን በክብር ለሸኙልን ምስጋና፣ በጀርመን ሄሰን ግዛት ለምትኖሩ ደግሞ ጥቆማ

ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሐምሌ ውሃ የወሰደብንን የ19 ዓመት ልጃችንን ለአገሩ አፈር ያበቁልንን ሰዎች በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ለቅሶ የደረሳችሁ፣ ያዋጣችሁ፣ ምግብ ሠርታችሁ ያመጣችሁልን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ዛሬ ግን በተለይ የምጽፈው አስከሬኑን አዘጋጅተው ስለላኩልን የቀብር አስፈጻሚ ወይዘሮና ልጁ ይጫወትበት ስለነበረው የመንደር እግር ኳስ ክለብ ነው። ቤተሰቦቹ ስሙ እንዳይጻፍ ስለፈለጉ አልጽፈውም። የወይዘሮዋንና የክለቡን ስም ለሚፈልግ ደግሞ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ልጁን ለማታውቁት፣ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። በሱዳንና በሊቢያ አቋርጦ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ በ17 ዓመቱ ብቻውን ጀርመን ገባ። ቋንቋ ሳይችል፣ ሰው ሳያውቅ ከወጣቶች መኖሪያ ቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ የለመደው ቦታ የክለቡ ሜዳ ነበር። ክለቡ ለስደተኛ በሩን የከፈተው ዛሬ አይደለም። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ስደተኞችን ለሚያቅፉ ትንንሽ ክለቦች 500 ዩሮ የሚሰጥበትን ዘመቻ ሲጀምር እነሱም ጀመሩ፤ ዘመቻው ሲቀዘቅዝም አልተውም። ሶርያዊም፣ አፍጋኒስታናዊም፣ ኤርትራዊም ተጫውቶበታል። በክራይስሊጋ፣ ማለትም በታችኛው የአማተሮች የወረዳ ሊግ የሚጫወት ክለብ ነው፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፣ ማሊያውን ተራ ገብተው የሚያጥቡት የተጫዋቾቹ ቤተሰቦች ናቸው። ልጃችን የግራ ተከላካይ ነበር። እሑድ ሳያስቀድስ ሜዳ አይሄድም። አሰልጣኙ ይህን ስላወቀ ጫማውንና ማሊያውን የኋላ ወንበር ላይ አድርጎ ባቡር ጣቢያ ይጠብቀውና በቀጥታ ወደ ጨዋታው ይዞት ይበር ነበር። "ጋሼ፣ ዛሬም ጠበቀኝ እኮ" ይለኝ ነበር ልጁ፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ እየገረመው።

የሞተበት ሐይቅ ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው። እንዲህ ያሉ ሐይቆች ዳሩ ላይ ጉልበት የማያልፉ ይመስላሉ፤ ጥቂት እንደገባችሁ ግን መሬቱ ድንገት ይከዳችኋል፣ ላዩ ሞቆ ታቹ በረዶ ነው። ልጁ ባሕር ተሻገረ እንጂ ዋና አያውቅም ነበር። አብረውት የነበሩት የቡድን ጓደኞቹ እየጠለቁ ፈለጉት፣ አልሆነም።

ያን ዕለት ማታ አሰልጣኙ ደወለልኝ። የክለቡ ሰዎች የሐዘን መግለጫ ጽፈው በገጻቸው ሊያወጡ ተዘጋጅተው ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት በማለዳ ቤቱ ድረስ ሄደው እንደሚያረዱ፣ እናቱ በፌስቡክ ካየችው ግን ሌላ ሞት እንደሚሆን ነገርኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። መግለጫውን አስቆመ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ እየደወለም ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍ አደራ አለ። ጓደኛቸው ዓይናቸው እያየ የሞተባቸው የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው፤ አንዳቸውም አንዲት ቃል አልጻፉም። አጎቱ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ጎህ ሲቀድ ገብተው ካረዱ በኋላ "ተነግሯል" ብለው ደወሉልን። ክለቡ ጥቁር ሪባን ያለበትን ፎቶ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቱ ልጇን የተረዳችው በወግ በማዕረጉ፣ ዘመድ አዝማድ ከብቧት ነው። ይህን እስክሞት አልረሳላቸውም።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ ልምጣ። በጀርመን ሰው በአደጋ ሲሞት ጉዳዩን ፖሊስ ይይዘዋል፤ ዐቃቤ ሕግ አስከሬኑን ሳይለቅ መቅበርም መላክም አይቻልም። አስከሬኑን ከቦታው የሚያነሳውም ፖሊስ የጠራው ድርጅት ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፤ ያ ድርጅት አስከሬኑን አነሳ ማለት የቀረውን ሥራ ሁሉ ለእሱ መስጠት አለባችሁ ማለት አይደለም። ላነሳበት ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ማዛወር መብታችሁ ነው። እኛ መጀመሪያ ያነጋገርነው ድርጅት፣ ስሙን ማንሳት አልፈልግም፣ ጠቅላላ ዋጋ በአንድ መስመር ጽፎ ሰጠንና ገንዘቡ ተጠቃሎ ካልገባ ሥራ አልጀምርም አለ። ግራ ገብቶን ሳለ የክለቡ ገንዘብ ያዥ፣ አባታቸውን የቀበሩላቸውን ሴት አስታውሰው ደወሉልን።

ወይዘሮዋ በዚያው ምሽት የክለቡ ቤት ድረስ መጡ። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው የልጁን ሃይማኖት፣ ማን እንደሚገንዘው፣ ቤተሰቡ አስከሬኑን የት እንደሚረከብ፣ ቦሌ ካርጎ ላይ የሚቀበለው ሰው የታደሰ መታወቂያና የሚሠራ ስልክ ያለው መሆኑን አንድ በአንድ ጠየቁ። የማያውቁትን ደግሞ አውቃለሁ አይሉም፣ "አስረዱኝ" ይላሉ። በማግስቱ ዋጋውን ዘርዝረው ላኩልን፤ ሳጥኑ ለብቻው፣ የዚንኩ ልባስ ለብቻው፣ አስከሬኑ እንዳይበላሽ የሚደረገው ሕክምና ለብቻው፣ የወረቀቱ ሥራ ለብቻው፣ የአየር ጭነቱ ለብቻው። እያንዳንዱ ለምን እንደሚያስፈልግም ነገሩን፤ ውድ የሆነውን ሳጥን ስናይም "ለጉዞ የሚያስፈልገው ጥንካሬ እንጂ ጌጥ አይደለም" ብለው ወደ ርካሹ መለሱን። ድምሩ መጀመሪያ ከተጠየቅነው በብዙ ያነሰ ነበር።

ሶሻል ቢሮው፣ ለችግረኛ ድጎማ የሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ፣ ምን እንደሚያደርግም ሳይሸፋፍኑ ነገሩን። ቤተሰብ አቅም ከሌለው ሕጉ የቀብር ወጪ እንዲሸፈን ይፈቅዳል፤ ያ ግን እዚሁ ለሚቀበር ነው፣ አገር ቤት መላኩን በአብዛኛው አይሸፍንም። ይህን በመጀመሪያው ምሽት ስላወቅን ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት ጊዜ አልፈጀንም፣ በቀጥታ ወደ መዋጮው ገባን።

ከሁሉ ያደከመው ወረቀቱ ነው። ሽታንደስአምቱ፣ ልደትና ሞት የሚመዘግበው የጀርመን ቢሮ፣ የሞት ምስክር ወረቀት ለመስጠት ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ልጁ ፓስፖርት አልነበረውም፤ በመኖሪያ ፈቃዱና በተጫዋችነት ካርዱ ላይ ደግሞ የአባቱ ስም ሁለት ዓይነት ተጽፏል። እንዲህ ሲሆን መዝገቡ ላይ ማንነቱ አልተረጋገጠም የሚል ማሳሰቢያ ይገባበትና ኋላ ቤተሰቡ አገር ቤት ውርስም ሌላ ጉዳይም ሲያስፈጽም ችግር ይሆናል። ወይዘሮዋ ይህን ገና ከጅምሩ አዩት። አጎቱ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት አውጥቶ ፎቶውን በቴሌግራም ላከ፣ ዋናውንም ወደዚህ በሚበር ሰው እጅ ሰደደው፤ እሳቸው ሕጋዊ ተርጓሚ ፈልገው አስተረጎሙ፣ ቢሮው ድረስ በአካል ሄደው ከመዝጋቢዋ ጋር ተቀምጠው የስሙን ነገር ፊደል በፊደል አስተካከሉ። አስከሬኑ ድንበር እንዲያልፍ ለሚፈቅደው ወረቀት፣ ፍራንክፈርት ላለው ቆንስላችን፣ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ጭነት ክፍል፣ ለሁሉም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ዐቃቤ ሕግ አስከሬኑን እስኪለቅም በየቀኑ እየደወሉ ያለበትን ይነግሩን ነበር። የሚነግሩን አዲስ ነገር ባይኖርም ይደውላሉ። በሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ግንዘቱን አልረሳውም። ካህናችንና ሦስት ወንድሞች ገብተው እንዲያጥቡትና እንዲገንዙት ክፍሉን ለቀቁልን። አቡጀዲውን እኛ አመጣን። አውራ ጣቶቹ ሲታሰሩ፣ ጸሎቱ ሲደገም በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ውሃ ሲያስፈልግ ውሃ፣ ፎጣ ሲያስፈልግ ፎጣ ያቀብላሉ፣ ከዚያ ውጭ ጣልቃ አይገቡም። ዚንኩ በብየዳ ከመታሸጉ በፊትም ሁላችንን ጠርተው "ከዚህ በኋላ አይከፈትም፣ አገር ቤትም እንዳይከፈት አደራ፣ መሰናበት የሚፈልግ አሁን ይሰናበት" አሉን። ይህን ለቤተሰብ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አገር ቤት ፊቱን እንይ የሚል ዘመድ አይጠፋምና።

የቡድኑ ልጆች ሁሉም የፈረሙበትን ማሊያ ይዘው መጥተው አብሮት እንዲሆን ለመኑ። ካህናችን ከመግነዙ ጋር ሌላ ልብስ አይገባም አሉ። ልጆቹ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ዝም አሉ። ወይዘሮዋ ትንሽ አሰቡና ማሊያውን አጥፈው በታሸገው ዚንክና በእንጨቱ ክዳን መካከል አስቀመጡት። እንጨቱ ሲነሳ ይገኛል፣ ዚንኩ አይነካም። የካህኑም ቃል ተጠበቀ፣ የልጆቹም ልመና አልወደቀም። ማሊያው ዛሬ እናቱ ቤት ነው።

ሽኝቱን በመቃብር ስፍራው አዳራሽ አደረግን። እዚህ አገር አዳራሹ የሚሰጠው ለአጭር ሰዓት ነው፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው በር ላይ ይቆማል። እሳቸው የእኛ ፍትሐትና ለቅሶ እንደሚረዝም አስቀድመው ጠይቀው ስለተረዱ የቀኑን የመጨረሻ ሰዓት ያዙልን፤ ማንም አላጣደፈንም። ለዕጣኑም ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው የጢስ ጠቋሚው እንዳይጮኽ አስደርገዋል። በሳጥኑ ራስጌ የቆመው ፎቶ ከተጫዋችነት ካርዱ ላይ የተወሰደ ነው፣ ልጁ ሌላ ጥሩ ፎቶ አልነበረውም። እናቶቻችን ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ፣ በክለቡ ቱታ ተሰልፈው የቆሙት ጀርመን ልጆችም እንደ ወንድሙ አለቀሱ። አሰልጣኙ ንግግር ሊያደርግ ወጥቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረና አቃተው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ የነበራቸውን ግጥሚያ ተጋጣሚያቸው ወዲያው ለሌላ ቀን ለማዛወር ተስማማ። ጨዋታው በተደረገ ዕለት ሁለቱም ቡድኖች ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው አስረው፣ በመሃል ሜዳው ክብ ተደባልቀው ቆመው በጸሎት አሰቡት። የመግቢያው፣ የቋሊማውና የመጠጡ ሽያጭ ሳይነካ ለማጓጓዣው ወጪ ገባ፤ ተጋጣሚው ክለብም የራሱን ጨመረበት። ገንዘብ ያዧ የገባውን የወጣውን በሳንቲም ጽፈው ለእኛም ለአጎቱም ላኩ፣ የተረፈውም ለእናቱ ደረሰ። አስከሬኑ ቦሌ ሲያርፍ ቤተሰቡ 130 ኪሎ ሜትሩን ነድቶ መጥቶ ካርጎ በር ላይ ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱ አንድም ስላልጎደለ ሳይጉላሉ ተረክበው በማግስቱ በደብራቸው ቀበሩት።

ከዚህ ጋር ለወላጆችና ለወጣቶች የምለው አለኝ። ክለቡ ከሐዘኑ በኋላ የዋና ትምህርት ጀምሯል። የጀርመን ሕይወት አድን ማኅበር፣ ዴኤልኤርጌ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን ውሃ ከወሰዳቸው 537 ሰዎች 64ቱ ስደተኞች እንደነበሩ መዝግቧል፤ በ2015 ደግሞ 27 ነበሩ። የእኛ ልጆች ከደጋ መጥተው ዋና የት ይማሩ? የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ዓርብ ማታ በከተማዋ የቤት ውስጥ መዋኛ ያስተምራሉ፤ የክለቡ አባል መሆን አያስፈልግም፣ አዋቂም ይቀበላሉ፣ ለሴቶች ለብቻ የሚሆን ሰዓት አለ። ልጃችሁ ዜፈርድሸን የሚባለውን የመጀመሪያ ምልክት ስላገኘ ዋና ቻለ ብላችሁ ሐይቅ አትልቀቁት፣ እሱ 25 ሜትር ብቻ ነው። ብሮንዝ የሚባለውን ምልክት እስኪያገኝ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ሳያርፍ ቢያንስ 200 ሜትር እስኪዋኝ ድረስ ይማር።

ስለ ቀብር አስፈጻሚ ምርጫም አንድ ነገር ልጨምር። በጀርመን ይህን ሥራ ለመጀመር ሙያውን መማር ግዴታ አይደለም፤ ንግዱን ያስመዘገበ ሁሉ መሥራት ይችላል። ሙያው ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሦስት ዓመት ሥልጠና አለው፤ ባየርን ውስጥ ሙነርሽታት በሚባል ከተማ የመለማመጃ መቃብር ስፍራ ያለው ማሠልጠኛም አለ። እኚህ ሴት በዚያ ያለፉ ናቸው። የትም ብትኖሩ፣ ሠልጥነዋል ወይ፣ ወደ አፍሪካ ልከው ያውቃሉ ወይ፣ ዋጋውን ዘርዝረው ይጽፋሉ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶቻችንም ወደ እኚህ ሴት ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ ማጠቢያ ክፍሉ አላቸው፣ ከመስጊድ ከሚመጡ አጣቢዎችና ከፈን አልባሾች ጋር መሥራት ለምደዋል፣ ለሴት ሴት እንድትገባም ይጠነቀቃሉ።

ማንንም አይግጠም፤ ከገጠመ ግን ሌሊትም ቢሆን ስልክ ያነሳሉ። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የዋናውን መመዝገቢያም እልክላችኋለሁ። ጀርመንኛ የሚከብደው ሰው ካለ እኔ ራሴ ደውዬ አገናኘዋለሁ።