ዲሲ ውስጥ ቤት ለምትከራዩ፦ የስልክ አስተርጓሚዎቹን አመስግኑልን

ይህ ምስጋና በስም ለማናውቃቸው ሰዎች ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የተከራይ ተሟጋች ቢሮ ጋ ሲደወል በመስመሩ የሚገቡት የአማርኛ አስተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስማቸውን ሳይሆን መለያ ቁጥራቸውን ነው። ከእነሱ ጋር ሆነው በትዕግሥት የሚያስረዱትን የቢሮውን ሠራተኞችም ከልብ እናመሰግናለን። ቢሮው የከተማው መንግሥት ነው፤ ሥራው ለተከራይ መቆም ነው፣ ተከራዩንም አያስከፍልም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተናጋሪ በመንግሥት ቢሮ በነፃ እንዲተረጎምለት መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ውለታ የምትጠይቁ አይምሰላችሁ። «አምሃሪክ» በሉና መስመሩን ሳትዘጉ ጠብቁ።

ሜትሮ አጠገብ፣ ሁሉ ነገር በእግር የሚደረስበት ዩ ስትሪት ወይም ኮሎምቢያ ሃይትስ ላይ ቤት ሲገኝ «ያመልጠናል» በሚል ጥድፊያ ብዙ ሰው ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ሳያነብ ይፈርማል። ያኔ ነው የእነዚህ ሰዎች ሙያ የሚታየው። ሦስት ሆናችሁ አንድ አፓርታማ ስትይዙ ሊዙ ላይ «ጆይንት ኤንድ ሴቨራል» የሚል ሐረግ አይጠፋም። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ «አብራችሁ ትከፍላላችሁ ነው የሚለው» ብሎ ያልፈዋል። አስተርጓሚዎቹ «በአንድነትና በነጠላ» ብለው በሕግ አማርኛው ያስቀምጡታል፤ የቢሮው ባለሙያ ደግሞ ያፍታታዋል፦ ሁለቱ ጥለው ቢወጡ አከራዩ የሦስቱንም ኪራይ ከቀረው ከአንዱ ሊጠይቅ ይችላል። ከመፈረም በፊት ሩምሜት ቢወጣ በምትኩ ሌላ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅና ማጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። እባካችሁ ለዚህ ሥራ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

ዲፖዚትም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ የለመድነው ቅድሚያ ክፍያ ከኪራዩ ይታሰባል፤ ይሄኛው ግን መያዣ ነው። «ዲፖዚቱ አለ አይደል» ብሎ የመጨረሻውን ወር ኪራይ ማስቀረት ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ዲሲ ውስጥ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ቤቱን ከለቀቃችሁ በኋላ አከራዩ በ45 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል፣ ወይ ሊቆርጥ ማሰቡን በጽሑፍ ያሳውቃል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ቀድሞ በነበረ ጉዳት ስለሆነ፣ ዕቃ ሳይገባ በፊት የምድጃውን ውስጥ፣ የእጅ መታጠቢያውን ሥር፣ የመስኮቱን መዝጊያና የምንጣፉን ጥግ ፎቶ አንስታችሁ በዚያው ቀን ለማኔጅመንቱ በኢሜይል ላኩ። ኢሜይሉ ቀኑን ይመሰክርላችኋል። ስትወጡ ደግሞ አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ስጡ፤ ብዙ ቼክ የሚጠፋው አሮጌው አድራሻ ላይ ነው።

ኪራይ ቢዘገይ፣ ቅጣት የሚጠየቀው ሊዙ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው፤ ያውም ከ5 ቀን በኋላ፣ ከኪራዩ 5 በመቶ ሳይበልጥ። 1,800 ዶላር ለሚከፍል ከ90 ዶላር አያልፍም ማለት ነው። ደግሞ «ሊዛችሁ አልቋል፣ ውጡ» ስለተባለ ብቻ ዕቃ አትሰብስቡ። የመጀመሪያው ሊዝ ሲያልቅ ኪራዩ ከወር ወደ ወር ይቀጥላል፤ ለማስወጣት በሕግ የተቆጠረ ምክንያት ያስፈልጋል።

የኪራይ ጭማሪ ሲመጣ ሁለት ነገር አጣሩ። ሕንፃው ከ1976 በፊት የግንባታ ፈቃድ ያገኘ ከሆነና አከራዩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ቤት ካለው በአብዛኛው በኪራይ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ጭማሪውም በ12 ወር ከአንድ ጊዜ በላይ አይሆንም። «እኔን ሕጉ አይመለከተኝም» የሚል አከራይ ከቁጥጥር ነፃ የሆነበትን የምዝገባ ቁጥር ያሳይ። ቤዝመንት የምትከራዩ ደግሞ አከራዩ የኪራይ ፈቃድ እንዳለውና ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ የእናንተው ክፍል መሆኑን፣ እሳት ቢነሳ የምትወጡበት በር ወይም መስኮት መኖሩን እዩ። ይሄን ሳያዩ ገንዘብ መስጠት አይገባም፣ አከራዩ የአገር ልጅ ቢሆንም።

ከመደወላችሁ በፊት የሊዙን ገጽ ሁሉ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና ከአከራዩ የመጣውን ማስታወቂያ ፊት ለፊታችሁ አድርጉ። ቤቱ ከቀዘቀዘ ቴርሞሜትሩን ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱ፤ በክረምት ቀን ቀን ከ68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ሌሊት ከ65 መውረድ የለበትም። አጭር አጭር ተናገሩ፣ አስተርጓሚው ሳይጨርስ አትቀጥሉ፤ ቁጥርና ቀን የሚዘለለው ሰው ሲደራረብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ግን ሕጋችሁ ሌላ ነው፤ ይህ ቢሮ የዲሲ ተከራዮች ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ አለ።

ስልኩ ሲነሳ የአስተርጓሚውን መለያ ቁጥር ጻፉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጥሩን ለቢሮው ሠራተኛ ጠርታችሁ «ጥሩ አድርገው አስተርጉመውልኛል» በሉ፤ ምስጋናችን የሚደርሳቸው በዚያ በኩል ነው።